ዘጠኝ ሞቅ ያሉ ዘፈኖች በሰርቪስ ቤት፦ የአልበም ሥራ ማስታወሻ

የካቲት 2017፣ 2ኛ ሳምንት

አምስት ሆነን የምንጫወት የሮክ ባንድ ነን፤ አሳታሚም ስፖንሰርም የለንም። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ይገባል፤ ከዚያ እስከ ፋሲካ፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 12 ድረስ፣ የምሽት ቤቶች የቀጥታ ሙዚቃ ስለሚቀንሱ ስምንት ሳምንት ያህል ምሽቶቻችን ነጻ ይሆናሉ። አልበሙን በእነዚህ ሳምንታት ቀርጸን ለመጨረስ ወስነናል። ከዚህ በፊት የሠራናቸው ዘፈኖች ቀዝቀዝ ያሉና ትካዜ የበዛባቸው ስለ ነበሩ፣ በዚህኛው ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ የሚጨፍርበትን ሥራ ለማቅረብ ተስማምተናል። ዘጠኝ ዘፈኖች መርጠን በወረቀት ላይ አንድ ደንብ ጻፍን፦ በደቂቃ ከ140 ቢት (ምት) በታች የሚሄድ ዘፈን አይኖርም።

እያንዳንዳችን 30,000 ብር አዋጥተን 150,000 ብር ይዘናል። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ ቀረጻውንና ሚክሲንጉንም (የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ የማዋሐዱን ሥራ) የምይዘው እኔ ነኝ።

የካቲት 2017፣ 3ኛ ሳምንት፦ ክፍሉ

የምንቀርጸው በድራመራችን ወላጆች ግቢ፣ ገርጂ በሚገኝ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ሲሆን፣ ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮ አለ። የመጀመሪያው ስሕተታችን ግድግዳውን በእንቁላል መያዣ ካርቶን መሸፈናችን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ለጥፈን ስናበቃ በእጅ አጨብጭበን ስናዳምጠው የላይኛው ጩኸት ጥቂት ለስለስ ከማለቱ በቀር የኪኩም (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) የቤዙም ጉምጉምታ እንደ ነበረ ነው። ካርቶኑ ቀላልና ስስ ስለሆነ ዝቅተኛ ድምፅ ሳያቆመው ያልፋል። ወደ ጎረቤት የሚወጣውን ድምፅም አንድም አልቀነሰም።

ካርቶኑን አንሥተን ስምንት የእንጨት ፍሬሞችን አሠራን፤ የእያንዳንዱ ቁመት 120፣ ስፋቱ 60፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ውስጣቸውን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በኪሎ በገዛነው ብጫቂ ጨርቅ ጠቅጥቀን፣ ፊታቸውን በአቡጀዲ ሸፍነን፣ አራቱን በማዕዘኖቹ፣ አራቱን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቀን አቆምናቸው። ካርቶኑን ጨምሮ ይህ ሁሉ 21,400 ብር ፈጀ። ልዩነቱ ወዲያው ተሰማ፤ የሲምባሉ መንጫጫት ቀረ፣ የስኔሩ (ስለታም ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) ምት ጠርቶ ወጣ። ዝቅተኛው ድምፅ ግን እስካሁን አልተገዛልንም፤ ምክንያቱን በመጋቢት ማስታወሻ እመለስበታለሁ።

መጋቢት 2017፣ 1ኛ ሳምንት፦ ድራም

ማይክሮፎኖቹን በቀን 1,500 ብር ተከራይተናል። ለኪክ አኬጂ ዲ112፣ ለስኔር ሹር ኤስኤም57፣ ለሁለቱ ቶሞች አንዳንድ፣ ከላይ ደግሞ ሁለት ኮንደንሰር ማይኮች አድርገናል። ኢንተርፌሱ (ድምፁን ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባው መሣሪያ) ስምንት የማይክ መግቢያዎች ስላሉት ለድራሙ ስድስቱን ተጠቅመን ሁለት ተረፉን።

በመጀመሪያው ቀን የቀረጽነው ስኔር በጆሮ ማዳመጫ ደህና ነበር፤ በስልክ ስፒከር ግን፣ ሁለቱ ጎኖች ተደምረው በሞኖ ሲሰሙ፣ ሰልሎ ቀረ። ለካስ ከስኔሩ መሐል እስከ ግራው ኮንደንሰር 95 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ ቀኙ 125 ሴንቲ ሜትር ኖሯል። የ30 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት ድምፁን ወደ 0.87 ሚሊ ሰከንድ ስለሚያዘገየው፣ ሁለቱ ሲደመሩ 570 ኸርዝ አካባቢ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። መፍትሔው አንድ ክር ብቻ ነበር፦ አንዱን ጫፍ ስኔሩ ላይ ይዘን፣ ሌላውን ጫፍ ለሁለቱም ማይኮች እኩል እስኪደርስ ድረስ ማቆሚያዎቹን አስተካከልን። የአንድ ቀን ቀረጻ ተጣለ።

በማግስቱ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ ኢንተርፌሱ ግን ስለጠፋ ስንሠራበት የነበረው ዘፈን መካከሉ ላይ ተቆረጠ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) በ14,500 ብር ገዛን። ይህ በመጀመሪያው ዝርዝራችን ውስጥ ያልነበረ ወጪ ነው፤ ቀረጻ ለሚጀምር ሰው ከማይክ በፊት እሱን እንዲገዛ እመክራለሁ።

ከዘጠኙ ዘፈኖች ሦስቱ በችክችካ፣ በ6/8 ናቸው። እነሱ ላይ ሌላ ስሕተት ሠራሁ። የቀረጻው ፕሮግራም ቴምፖን (የዘፈኑን ፍጥነት) የሚቆጥረው በሩብ ኖታ መሆኑን ዘንግቼ 120 ብዬ ስሰጠው፣ ድራመራችን የሚሰማው ዋና ምት በደቂቃ 80 ብቻ ሆነበት፤ በዚያ ላይ ክሊኩ (በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው የሜትሮኖም ምት) በአንድ ባር ሦስት ጊዜ ስለሚመታ ችክችካው ወደ ቫልስ ተቀየረ። በየባሩ ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት እየተባለ መቆጠር የሚገባው አካሄድ ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነ ማለት ነው። ቴምፖውን 180 አድርጌ፣ ክሊኩም በየባሩ ሁለቴ ብቻ እንዲመታ ሳስተካክለው ዳሌ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ተመለሰ።

መጋቢት 2017፣ 3ኛ ሳምንት፦ ቤዝና የጂ ኖታ ችግር

ከዘፈኖቹ አራቱ በጂ ቁልፍ ናቸው። ቤዙን ስቀርጽ ጂ ኖታ በክፍሉ ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ገዝፎ ይጮኻል። ሒሳቡን ስሠራ ምክንያቱ ተገለጠልኝ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ3.5 ሜትር ስፋት ውስጥ የሚመላለሰው የመጀመሪያው ሞገድ ስለዚህ 49 ኸርዝ ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ጂም በትክክል 49 ኸርዝ ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 7 ሜትር ስለሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ እሱን ለማቆም አቅም የለውም።

ይህ እንዳይበቃ፣ በቤዙ መስመር ውስጥ የመብራት እምምታ ነበር። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ጂን ይዤ ስቆይ 49ኙና 50ው ተገናኝተው በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ይፈጥራሉ። መጀመሪያ የእጄ ጥፋት መስሎኝ አንድ ምሽት ሙሉ ጣቶቼን ስከታተል አምሽቻለሁ። አንድ ወዳጃችን የሶኬቱን የመሬት እግር ብንቆርጠው እንደሚጠፋ ነገረን፤ ይህ በኤሌክትሪክ ሰው ሊገድል የሚችል ነገር ስለሆነ አላደረግነውም። አምፕሊፋየሩን፣ ላፕቶፑንና ኢንተርፌሱን ከአንድ ሶኬት አስነሥተን፣ በዲአይ ሳጥኑ (ቤዙን በቀጥታ ወደ ቀረጻው መስመር የሚያስገባው) ላይ፣ ከሶኬቱ መሬት የተለየውን የድምፅ ገመዱን ግራውንድ በሚያላቅቀው ማብሪያ ማጥፊያ ስናላቅቀው እምምታው ሄደ። ቤዙን በቀጥታ በመስመር ቀርጬ፣ በጂ ከነበሩት አራት ዘፈኖች ሁለቱን ወደ ኤ ቁልፍ ከፍ አደረግናቸው፤ የኤ ኖታ 55 ኸርዝ ስለሆነ ከክፍሉ ሞገድ ይርቃል። ድምፃዊታችንም አንድ ደረጃ ከፍ ማለቱ ለዘፈኖቹ ብርሃን ጨመረላቸው አለች፤ እኔም እስማማለሁ።

መጋቢት 2017፣ 4ኛ ሳምንት፦ ጊታርና ቅኝት

በመጀመሪያ ስለ ክር ዋጋ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት በ700 ብር የገዛነው የጊታር ክር አሁን 1,300 ብር ነው። የሁለቱ ጊታሮች፣ የቤዙ ክርና የድራም ቆዳዎች ተደምረው 23,000 ብር ወሰዱ።

ትልቁ ሥራ ግን ቅኝት ላይ ነበር። በዲስቶርሽን (ድምፁን በሚያሻክር ኢፌክት) የሚጫወት ጊታር ሦስት ኖታ ያለውን ሙሉ ኮርድ ሲመታ ድምፁ ይደፈርሳል፤ ስለዚህ ሮክ የሚመርጠው መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ የያዘውን ፓወር ኮርድ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነው ጊዜ ጀምሮ፣ ጃኖ ባንድ የሮክ ጊታርን ከአማርኛ ዜማ ጋር ይዞ ከወጣ ወዲህ፣ ይህ መንገድ ለእኛ አገር ጆሮ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ሁሉም ቅኝት ፓወር ኮርድን እኩል አይቀበልም። ከሲ ብንነሣ፣ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ከነዚህ ብቻ አራት ፓወር ኮርዶች ይወጣሉ። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ሲሆን ሦስት ይሰጣል። አንቺሆዬ ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ለመነሻው ለሲ አምስተኛ የሚሆነው ጂ በቅኝቱ ውስጥ የለም።

ሊድ ጊታሪስታችን በአንቺሆዬ በተሠራው ዘፈን መነሻ ላይ እንደ ልማዱ ፓወር ኮርድ ሲመታ፣ ጂው ከድምፃዊታችን ጂ ፍላት ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጭ ነበር። ለሳምንት ያህል እሷ ከዜማው የወጣች መስሎን ደጋግመን አስቀርጸናታል፤ ይህ አሁንም ይቆጨኛል፣ ይቅርታም ጠይቀናታል። በመጨረሻ መነሻው ላይ ሁለቱ ጊታሮች ሲን በኦክታቭ ብቻ እንዲይዙ፣ ፓወር ኮርድ በቅኝቱ ውስጥ በሚገኙት ሁለት ቦታዎች ብቻ፣ ማለትም ከኤፍ ወደ ሲ እና ከጂ ፍላት ወደ ዲ ፍላት፣ እንዲመታ አደረግን። ኮርዱ ሲያንስ ዘፈኑ ሰፋ፤ በአልበሙ ውስጥ ከሁሉ የምወደው የጊታር ሥራ ይህ ሆኗል።

ሚያዝያ 2017፣ 1ኛ ሳምንት፦ ድምፅ፣ ከዚያም ጥርጣሬ

የአንዱ ዘፈን አዝማች «ገና ነው» የሚል ሐረግ ይደጋግማል፤ ሐሳቡ ጊዜው አላለፈም፣ ቀኑ ገና ነው ለማለት ነው። በ168 ቢት ስንቀርጸው የመጀመሪያው ፊደል ከተዘፈነ በኋላ «ና» በስኔሩ ምት ላይ ስለሚወድቅ፣ ድምፃዊታችን ምቱን ለመጠበቅ ስትል ታጠብቀዋለች። የሰሙ ሦስት ወዳጆቻችን ሦስቱም የገና በዓል መዝሙር ነው ብለው ተቀበሉት። በዚህ ፍጥነት አንድ ግማሽ ምት 0.18 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ መዝፈን እጅግ ያስቸግራል። «አለ» የሚለው ቃል ባለበት ስንኝም ተመሳሳይ ነገር ገጠመን፤ መናገሩና መኖሩ ተምታቱ። በፊደል የማይጻፍ ልዩነት በመሆኑ ግጥሙን ስንጽፍ አላየነውም።

ሁለተኛው የድምፅ ችግር ቀለል ያለ ነው። እንደ ቀ፣ ጠ እና ጨ ያሉ ድምፆች ስለታም መነሻ ስላላቸው ኮምፕሬሰሩ (ጎልቶ የወጣውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ) በእነሱ ላይ ወዲያው ይጫንና የሚከተለውን አናባቢ ይውጠዋል። ኮምፕሬሰሩ ሥራውን የሚጀምርበትን ጊዜ ከ2 ወደ 18 ሚሊ ሰከንድ ሳዘገየው ቃላቱ ተከፈቱ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ሐሙስ ማታ የሆነው ነው። ስድስት ዘፈኖችን በተከታታይ ስናዳምጥ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር፤ ደስታ ግን አልነበረበትም። ፈጣን ነው፣ ያስቸኩላል፣ አያስጨፍርም። ሪትም ጊታሪስታችን በጥር ወር ልምምድ ላይ በስልኩ የቀረጸውን «ገና ነው»ን ከፈተልን። ድምፁ የተጨማደደ፣ ቤዙ የማይሰማ ሲሆን፣ አምስታችንም በተቀመጥንበት እግራችን መንቀሳቀስ ጀመረ። ፋይሉን ወደ ፕሮግራሙ አስገብቼ ባር በባር ለካሁት። ስንኙ 148፣ አዝማቹ 153 ቢት ነው፤ በክሊክ የቀረጽነው ከዳር እስከ ዳር 168። በስልኩ ላይ ስኔሩ ከኪኩ አንጻር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ዘግየት ይላል፤ በቀረጻው ላይ ግን እኔ ራሴ እያንዳንዱን ምት እየጎተትኩ መስመሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ድራመራችን ለብቻው ለክሊኩ ተጫውቷል፣ እኔ ለድራሙ፣ ጊታሮቹ ለእኛ። ማንም ለማንም መልስ አልሰጠም።

ሚያዝያ 2017፣ ከፋሲካ በኋላ

ስድስቱን ዘፈኖች ጥለን እንደገና ለመቅረጽ ወሰንን። ውሳኔው በቀላሉ አልተደረሰበትም። ሊድ ጊታሪስታችን ካሁን በፊት ከተጫወታቸው ሁሉ የተሻሉትን ሶሎዎች የቀረጸው በእነዚህ ሳምንታት በመሆኑ አጥብቆ ተቃወመ፤ እውነቱንም ነበር። ሁለቱን ሶሎዎች ለማቆየት ቃል ገብተን፣ የእነዚያን ሁለት ዘፈኖች አዲስ ቀረጻ ከሶሎዎቹ ቴምፖ ጋር አስማማነው። ስድስት ዘፈን ለመድገም አምስት የኪራይ ቀን፣ 7,500 ብር ተጨመረ። በ140 ቢት ላይ የጻፍነውን ደንብም ሰረዝነው።

የ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ሸክላዎች ሲቀረጹ ሙዚቀኞቹ በአንድ ክፍል ተሰብስበው አብረው ይጫወቱ ነበር። እኛም የምንችለውን ያህል ወደዚያ ለመቅረብ ሞከርን። ድራሙና አምስታችን በአንድ ክፍል ሆንን፤ የሁለቱን ጊታሮች አምፕሊፋየሮች ግን በ10 ሜትር ገመድ ወስደን አንዱን በወጥ ቤቱ፣ ሌላውን በዕቃ ቤቱ በብርድ ልብስ ከለልናቸው። ቤዙ በመስመር ገባ። ድምፃዊታችን በማዕዘኑ ሆና ለመሪነት ብቻ ዘፈነች። ሜትሮኖሙ አራት ባር ቆጥሮ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ድራመሩ ራሱ ነው የሚመራው። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የነበረውን መዘግየት ለመቀነስ የኢንተርፌሱን በፈር (ድምፁ ከመተላለፉ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን) ከ256 ወደ 64 ሳምፕል አወረድኩት፤ ላፕቶፑ እንዳይጨናነቅ ሁሉንም ኢፌክቶች አጠፋሁ።

ሥራው ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነበር፤ ምሽት ላይ ወደ ሥራ መድረካችን ተመልሰናል፤ ለጎረቤቶቻችንም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ድምፅ እንደማይኖር ቃል ገብተናል። የድራመራችን እናት በየቀኑ ቡና ይዘው እየመጡ «በሉ ልጆቼ፣ ትንሽ አረፍ በሉ» ይሉናል፤ ከእረፍቱ ቀጥሎ የሚቀረጸው ዙር ብዙ ጊዜ የተመረጠው ሆኖ ተገኝቷል።

የዚህ አሠራር ጉዳት ስሕተትን ነጥሎ ማረም አለመቻሉ ነው፤ ያለ ክሊክ እርስ በርስ እየተከታተልን ስለምንጫወት። በአንድ ዘፈን ከአምስት ዙር በላይ ላለመሄድ ተስማማን፤ የተመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሆነ። «ገና ነው» 150 አካባቢ ላይ አረፈ፣ «ና»ንም ከስኔሩ ግማሽ ምት ቀደም አድርገን ስናስገባው ላልቶ ተሰማ።

ሰኔ 2017፦ ዝናብና ሚክሲንግ

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፅ መቅረጽ አይታሰብም። በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የመጨረሻዎቹን የድምፅ ቀረጻዎች በጠዋት ሠርተን ከሰዓቱን ለሚክሲንግ ተውነው።

ሚክሲንግ ላይ ያጠፋሁት ሁሉንም ነገር ለማጉላት መሞከሬ ነው። ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ ማጉላቱን ትቼ መቀነስ ጀመርኩ። ከጊታሮቹ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጬ ለኪክና ለቤዝ ቦታ ለቀቅሁ፤ ሪትም ጊታሩ በስንኙ ላይ በየምቱ ከመምታት ይልቅ ከምቱ መሐል ብቻ እንዲመታ፣ በአዝማቹ ላይ ግን ሙሉ እንዲገባ አደረግን። አዝማቹ አንድ ዲሲቤል እንኳ ሳይጨመርለት ተነሣ።

ሙከራውን ያደረግነው በሦስት ቦታ ነው፦ በጆሮ ማዳመጫ፣ በስልክ፣ እና በፍላሽ ጭነን በአንድ የሠፈራችን ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ። ታክሲው ውስጥ ቤዙ ድምፃዊታችንን ሸፈናት፤ በስልኩ ላይ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። ትንሽ ስፒከር 55 ኸርዝን ማውጣት አይችልም። ቤዙን በ2 ዲሲቤል ቀንሼ ጥቂት ሳቹሬሽን (ለስለስ ያለ ዲስቶርሽን) ስጨምርበት በ110፣ በ165 እና በ220 ኸርዝ ተደራቢ ድምፆች ስለተፈጠሩ፣ ስልኩ መነሻውን ባያወጣውም ጆሮ ኖታውን ከነሱ ይለየዋል።

ሐምሌ 2017፦ ማስተሪንግ

ራሴ የሠራሁት የመጀመሪያው ማስተር (ከሚክሲንግ በኋላ ለሥርጭት የሚዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) −7 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ደረሰ። ስፖቲፋይ በተለመደው አሠራሩ ሁሉንም ወደ −14 ስለሚያስተካክል የእኛ በ7 ዲሲቤል ይወርዳል፤ ለማስጮህ ብዬ የጨፈለቅሁት የስኔር ምት ግን አይመለስም። ከሌሎች ዘፈኖች አጠገብ ሲሰማ ጠፍጣፋ ነበር። ሥራውን ለባለሙያ ሰጠን፤ በአንድ ዘፈን 4,000 ብር፣ በድምሩ 36,000 ብር። በ−10 አካባቢ፣ ጫፉም ከ−1 ሳያልፍ መለሰልን። ከወጪዎቻችን ሁሉ ያልቆጨኝ ይህ ነው።

ነሐሴ 2017፦ ወረቀትና ስም

በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ (የራስ ፈጠራ) ሆኖ ግዘፍ ሲያገኝ፣ ማለትም በጽሑፍ ወይም በቀረጻ ሲቀመጥ ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ቢሆንም የግጥሙ፣ የዜማውና የአጨዋወቱ መብት የተለያየ በመሆኑ፣ ማን ምን እንደ ሠራ በአንድ ገጽ ጽፈን አምስታችንም ፈረምን። ይህን ከቀረጻው በፊት ብናደርገው ኖሮ አንድ የከረረ ምሽት ይቀርልን ነበር።

ሽፋኑን 15,000 ብር ከፍለን አሠራን። አርእስቶቹን ስናስገባ ደግሞ ያልጠበቅነው ጉዳይ መጣ፦ አንዱ ዘፈን በስሙ ውስጥ «ፀሐይ» የሚል ቃል አለው፤ ሰዎች ሲፈልጉት ግን «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ወይም «ጸሃይ» ብለው ይጽፋሉ። አርእስቱን በአንድ አጻጻፍ አጽንተን፣ ሌሎቹን በመግለጫው ውስጥ ጨመርናቸው። የባንዱን ስምም በሁሉም ቦታ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት አደረግን፤ አንዲት ፊደል ከተለየች ሥራው በሁለት አርቲስት ስም ይከፈላል።

መስከረም 2018፣ 1ኛ ሳምንት

አልበሙ በእንቁጣጣሽ ዕለት ወጣ፤ ዘጠኝ ዘፈን፣ 34 ደቂቃ። የመጀመሪያው 12 ቀን የማይክ ኪራይ 18,000 ብር፣ ነዳጅ፣ ትራንስፖርትና ልዩ ልዩ ወጪ 9,200 ብር ሲጨመር የወጣው ሁሉ 144,600 ብር ነው። በመድረክ ላይ የአንቺሆዬውን ዘፈን ስንጫወት የስኔሩ ቆዳ ስለተቀደደ፣ በቀረው 5,400 ብር ሰኞ አዲስ ቆዳ እንገዛለን።